ሣር የሌለበት ሜዳ

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር አትጠገብ ባቢሌ ነበረች። በሌላ ጉዳይ ሄዳ፣ በማታውቀው አልጋ ላይ ስትገላበጥ አድራ፣ ገና ፊቷን አልታጠበችም። የደወለው ሳጅን ዴቅ ነው። ዴቅ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ቀስ ብሎ የሚበላ፣ መኪናም ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ቃላቱ እየተጋፉ ወጡ።

«ኢንስፔክተር፣ ዐብዲጀባር ተገድሏል። የጎልፉ ሰውዬ። ትናንት ሊመሽ ሲል እዚያው ሜዳው ላይ ወድቆ ተገኘ።»

«ማን አገኘው?»

«ባሬ፣ ባለ ግመሉ። እሱኑ ይዘነዋል።»

«ያገኘውን ሰው ለምን ያዛችሁት?»

«አሸዋው ላይ ከእሱ እግር በቀር የማንም ዱካ የለም። ደግሞ በአጥሩ ምክንያት ሲጣሉ ነው የከረሙት፤ ከተማው ሁሉ ያውቃል።» ዴቅ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ቀብሩ ዛሬ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ነው፤ እዚያው ሜዳው ዳር፣ አባቱ አጠገብ። ከቀብሩ በኋላ ሽማግሌዎቹ ለፍርድ ይቀመጣሉ። የሟች ወገን ጎረምሶች ከአሁኑ መሣሪያ ይዘው መጥተዋል። የባሬ ልጆች ውኃው ጋ፣ ቢርካው ጋ ናቸው፤ እነሱም ባዶ እጃቸውን አይደሉም።»

አትጠገብ ጫማዋን በአንድ እጇ እየሳበች «ከቀብሩ በፊት እደርሳለሁ» አለች። «ሜዳው ላይ ያለውን ማንም እንዳይነካ። ድንጋይ እንኳ።»

አትጠገብ የጅግጅጋ ልጅ ናት። አያቷ ከጦር ጋር መጥተው እዚያው የቀሩ ወታደር ነበሩ። ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ነው፤ መቀመጥ ግን እስከ ዛሬ አልለመደችም። ሻይ ቆማ ትጠጣለች፣ ሰው ስትመረምር ትንጎራደዳለች። አለቆቿ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው ይተርቱባታል። እሷም «እኔ አፍሼ ስለቅም ነው የተደበቀው የሚገኘው» ትላቸዋለች።

ዘመኑ 2003 ዓ.ም. ነበር። ሶማሌዎች ጂላል የሚሉት የበጋው ወራት አልፎ ዝናቡ አልመጣም። ከጅግጅጋ ወጥቶ ወደ ሀርሺን በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ሜዳው ተላጭቶ፣ ነፋሱ አቧራውን ከወዲያ ወዲህ ያመላልሰዋል። የዐብዲጀባር ጎልፍ ሜዳ የተዘረጋው በዚህ ደረቅ መሬት ላይ ነው። ዐብዲጀባር በወጣትነቱ ለንግድ ዐረብ አገር ሲመላለስ በረሃ ላይ ጎልፍ ሲጫወቱ አይቶ፣ ነገሩ ልቡን ሰርቆት ነበር። ከውጭ የተመለሱ ሰዎችና የእርዳታ ድርጅት ሠራተኞች ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ ይጫወቱበታል። የከተማው ሰው ግን «ግመሉ ሣር አጥቶ ያለቅሳል፣ ዐብዲጀባር ሣር የሌለው የሣር ጨዋታ አመጣ» እያለ ይስቅ ነበር። በኋላ ሳቁ ቀረ። አጥሩ ግመሎች ወደ ቢርካው፣ ወደ ውኃ ማጠራቀሚያው የሚያልፉበትን መንገድ ዘጋና ጠብ መጣ።

በሩ ላይ የተቀበላት የሜዳው ኃላፊ ኤቢ ነው። እሱም የጅግጅጋ ተወላጅ፣ የድሮ ወታደር ልጅ ነው፤ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። እየሄዱ ጨዋታውን አስረዳት። ኳሷን የሚመቱት ከአሸዋው ላይ አይደለም፤ እያንዳንዱ ተጫዋች ቁራጭ የፕላስቲክ ሣር ይዞ ይዞርና እሷ ላይ አስቀምጦ ይመታል።

ከኋላ የሚከተለው ዴቅ «የባሬ ግመል አንዷን ቀምሳ ተፍታታለች» አለ።

ኳሷ የምትገባበት ጉድጓድ ዙሪያ ያለው አሸዋ በተቃጠለ የመኪና ዘይት ታሽቶ ቡናማ ሆኗል፤ ነፋስ እንዳይወስደው ነው። ሠራተኞቹም ተጫዋቾቹም «ቡናማው» ይሉታል።

ኤቢ «ቡናማውን የረገጠ ሰው ሲወጣ ይጠርገዋል» አለ። «ሕጉ ነው። ሚኒስትር ቢመጣም ይጠርጋል።»

«በምን?»

ዳር ላይ የተጋደመውን አሳያት። ረጅም እጀታ የተበየደለት ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው፤ ዘይት ጠጥቶ ጠቁሯል። «መጎተቻ እንለዋለን። ከጉድጓዱ ጀምረሽ እየዞርሽ፣ ወደ ኋላሽ እየሄድሽ ትወጫለሽ። ዱካ አይቀርም።»

አትጠገብ ቡናማው ዳር ቆመች። ዐብዲጀባር በፊቱ ተደፍቶ የወደቀበት ቦታ ጎድጉዷል። በቀረው አሸዋ ላይ የመጎተቻው መስመር ክብ ክብ ሆኖ ይታያል። በመስመሩ ላይ ከጎማ የተሠራ ሸበጥ ዱካ ገብቷል፤ ሲወጣ እርምጃው ረዝሟል። የሮጠ ሰው ነው። ሌላ ዱካ የለም። ኢንስፔክተሯ ቡናማውን አንዴ ዞረችው፤ አላረካትም፣ ደግማ ዞረችው።

ጥቂት ራቅ ብሎ ከአንዲት ግራር ሥር የመስገጃ ምንጣፍ ተነጥፏል። አራቱም ማዕዘን ላይ ድንጋይ ተጭኖበታል። የመስጊድ ሥዕል ያለበት ጫፍ በስተምዕራብ ከሩቅ ወደሚታየው የካራማራ ተራራ ዞሯል። አትጠገብ እየተንጎራደደች መጥታ እዚያ ስትደርስ ቆመች። ዴቅ አለቃው ቀጥ ብላ ስትቆም ማየት ስላልለመደ «አመመዎት እንዴ?» አላት።

«ምንጣፉን ማን አነጠፈው?»

«ሟቹ ነው። ትናንት ዐስርን፣ የከሰዓቱን ሰላት፣ የሰገደበት ነው ይላል ሸሪኩ ሳቢር።»

ባሬን ያገኘችው ፖሊስ መኪናው ውስጥ ነው፤ እጁ በካቴና ታስሯል። በሶማሊኛ ነው ያነጋገረችው። ባሬ በእሷ ዕድሜ ያለ፣ ፀሐይ ያከሳው ሰው ነው።

«ትናንት ጠዋት እጄን ጨብጦ ቃል ሰጠኝ» አለ። «‹ይሄ ጨዋታ ይብቃ፣ አጥሩን እከፍትልሃለሁ፣ ግመሎችህ ይጠጡ› አለኝ። ሲመሽ ግመሎቼን ነድቼ መጣሁ። ተደፍቶ አየሁት። ገብቼ ትከሻውን ነካሁት። ከዚያ ሰው ልጠራ ሮጥኩ።»

«ቃል ሲሰጥህ ማን አየ?»

«እሱና እኔ ነበርን። ሦስተኛው አላህ ነው።» ባሬ በመስኮቱ ወደ ቢርካው ተመለከተ። «እኔን ግደሉኝ። ልጆቼ ግን ከሰዓት ይተኩሳሉ፤ እነሱም ይሞታሉ። እህቴ፣ ቶሎ በይ።»

እነዚያን ልጆች ባታውቃቸውም የተኩሱን ድምፅ ቀድማ የሰማችው መሰላት።

አጥሩን ልታይ ሄደች። ግመሎቹ ያልፉበት የነበረው ቦታ ላይ ሽቦው ተቆርጧል። ዴቅ «ባሬ ነው የቆረጠው፤ ይኸው ሌላ ማስረጃ» አለ። የተቆረጠው ሽቦ ግን ተጠቅልሎ፣ በራሱ ጫፍ ታስሮ፣ ከምሰሶው ሥር በወግ ተቀምጧል።

«ዴቅ፣ በጠላትህ አጥር በስርቆት ብትገባ ሽቦውን ጠቅልለህ ታስቀምጥለታለህ?»

ዴቅ አገጩን አሸ። «እኔ የራሴንም አልጠቀልል።»

ሬሳው ያረፈው እንግዳ በሚያርፍበት ቤት ውስጥ ነው። ሐኪም ሌሊቱን አይቶት ከኋላ በኩል ጭንቅላቱን በከባድ ነገር መመታቱን ከመናገር ሌላ የጨመረው የለም። ጠዋት ያጠቡት ሰው ሁሉ «አዴር» የሚላቸው የሟቹ አጎት ኤልሚ ናቸው። እጃቸውን በሳሙና እያሹ ወጡ፤ ጣታቸው አሁንም ጥቁር ነው።

«አዴር፣ አላህ ይርሐመው። እጅዎ ምን ሆኖ ነው?»

«ቁስሉ ነው፣ ልጄ። ውኃ አልጠራ አለው። ውስጡ ዘይት ገብቷል፤ ሦስቴ አጠብኩት።» ሽማግሌው ሳሙናውን እንደገና አነሱ። «መዳፉም ተቧጭሯል። ትናንት ከገደለው ሰው ጋር ታግሎ ይሆናል።»

የሟቹ እህት ሱዕዲ በሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ንዴቷ እንባዋን ቀድሞታል። የወንድሟን ልብስ በፌስታል ይዛለች። አትጠገብ ኪሱን ስትፈትሽ ፒንሳ ወጣ።

«ጎልፍ ሊጫወት የሄደ ሰው ፒንሳ ምን ያደርግለታል?»

ሱዕዲ «እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች። «ገዳዩ መኪናችሁ ውስጥ ተቀምጧል፣ አንቺ ኪስ ትፈትሻለሽ።»

«ወንድምሽ ሲሰግድ ምንጣፉን ተነጥፎ ትቶት ይሄዳል?»

ጥያቄውን ስላልጠበቀችው ሱዕዲ ንዴቷን ለአፍታ ረሳች። «በፍጹም። ከእናታችን የተረፈ ምንጣፍ ነው። ሰላቱን ሲጨርስ አጥፎ መኪና ውስጥ ያስገባዋል።»

ኤቢን ለብቻው ጠራችው። ከቀትር በኋላ የት እንደነበር ስትጠይቀው «የውኃ መኪናው ተበላሽቶ ጅግጅጋ ጋራዥ ነበርኩ» አለ። አትጠገብ መንጎራደዷን ሳታቋርጥ «የትኛው ጋራዥ?» አለችው። ኤቢ ላብ አጠመቀው።

«እሺ፣ ጋራዥ አልነበርኩም። ከተማ ያለ ሆቴል ሥራ ልጠይቅ ሄጄ ነው። እስኪመሽ ሲያስጠብቁኝ ዋሉ፤ ባለቤቱን ጠይቂው። ሱዕዲ ፊት መናገር አፈርኩ፤ ሰውዬው ሳይቀበር ሥራ ፈላጊ መባሉ…»

«ሥራ እያለህ ለምን ሌላ ፈለግክ?»

«ሜዳውን ሊዘጋው ነዋ! ትናንት ጠዋት ነገረኝ። ‹ግመሎች ውኃ እንዳይጠጡ ከልክዬ ኳስ አላንከባልልም፣ አባቴ ከመቃብሩ ያየኛል› አለ። ‹ለሳቢር ገና አልነገርኩትም፣ ከሰዓት ስንጫወት እነግረዋለሁ› አለኝ።»

ሳቢር የሟቹ የአክስት ልጅና የሥራ ሸሪክ ነው። ያደገው ዱባይ ነው፤ ጅግጅጋ ከመጣ ገና አንድ ወሩ። ቆንጆ ነጭ ቀሚስ ለብሶ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆኖ ለቀብሩ ይራወጣል። ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል፤ ኀዘኑም ውሸት አይመስልም።

«እስከ ዐስር ተጫወትን» አላት። «ከዚያ ከተማ ጉዳይ ነበረኝ። እሱ ሊሰግድ ምንጣፉን አነጠፈ፤ እኔ መንገድ ላይ እሰግዳለሁ ብዬ ተሰናበትኩት። መኪናዬን ሳዞር ቆም ብዬ አየሁት። ወላሂ ከዓይኔ አይጠፋም። ቆሞ ሲሰግድ፣ ያቺ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሙሉ ፊቱን አብርታው ነበር። በሕይወት ያየሁት ለመጨረሻ ጊዜ ነው።»

አትጠገብ እየተንጎራደደች ነበር፤ ቆመች። «ሙሉ ፊቱን?»

«ሙሉ ፊቱን።»

«ሜዳውን ስለ መዝጋት ነግሮህ ነበር?»

«መዝጋት?» ሳቢር ቅንድቡን አነሳ። «ገና ልናሰፋው ነበር። ማን ነው እንዲህ ያለው?»

የዙህር ጥሪ ተሰማ። ነፋሱ በረታ። ሬሳውን አውጥተው ከአባቱ መቃብር አጠገብ አስቀመጡት፤ ሰውም ለመጨረሻው ሰላት ተሰለፈ። ሽማግሌዎቹ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ከኋላ፣ ሳቢር ከጎረምሶቹ ጋር፣ ዴቅም ጫማውን አውልቆ ጫፍ ላይ። ሰልፉ በአንድ ፊት ወደ ሰሜን ዞረ። ካራማራ በግራቸው ቀረ። አትጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ከሴቶቹ ጋር ራቅ ብላ ቆመች። በልጅነቷ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስትጫወት አባቶቻቸው ሲሰግዱ እንዲህ ነበር የምታየው፤ አንድም ቀን ልብ ብላ አስባው አታውቅም።

አፈሩ ተመለሰ፣ ዱዓው ተደረገ። ሽማግሌዎቹ ሊቀመጡ ሲሉ ወደ መካከል ገባች። ባሬንም አስመጥታዋለች። ከሟች ወገን የሆኑት ጎረምሶች ሲያዩት ተንቀሳቀሱ።

«አዴር ኤልሚ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት ልናገር።»

«ተናገሪ፣ ልጄ። ነገር ግን ቁርጡን ተናገሪ። እነዚህን ልጆች ከዚህ በላይ ልይዛቸው አልችልም።»

«አሸዋው ላይ የባሬ ዱካ ብቻ አለ ተብሎ ነው ባሬ የታሰረው። እኔ ግን የሌላ ሰው ዱካ ፈልጌ ነበር፤ የሟቹን። ዐብዲጀባር በርሮ አልገባም። ዱካው የት ሄደ?»

ወደ ቡናማው ጠቆመች።

«እሱ ከወደቀ በኋላ አሸዋው ተጠርጓል። የጠረገው ሰው የራሱን ሲያጠፋ የሟቹንም አጠፋ። የባሬ ሸበጥ ያረፈው ከተጠረገው በላይ ነው። ዱካውን ለማጥፋት የጠረገ ሰው ተመልሶ ይረግጠዋል?» ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አዴር፣ ሟቹ በፊቱ ነው የተደፋው። ቁስሉ ከኋላ ነው። ታዲያ ዘይቱ ከየት መጣ?»

ኤልሚ ጣቶቻቸውን አዩ። «ከመታው ነገር።»

«ባሬ ግመል የሚነዳበት ዱላ ዘይት አያውቅም። ዘይት የጠጣው መጎተቻው ነው። ዐብዲጀባር ኳሷን ከጉድጓዱ ሊያወጣ ሲጎነበስ በእሱ ተመታ፤ በዚያው ብረት አሸዋው ተጠረገ። ብረቱን አንስቶ አጠገቡ ቢቆም ዐብዲጀባር የማይጠረጥረው ማንን ነው? አብሮት የሚጫወተውን። ሊጠርግ ነው የሚመስለው።»

ሳቢር «ኤቢም ይጫወታል» አለ በጸጥታ።

«ይጫወታል። ኤቢ ግን እስኪመሽ ሆቴል ውስጥ ሥራ ሲለምን ነበር፤ ዴቅ ባለቤቱ ጋ ደውሎ አረጋግጧል። ሱዕዲ ይቅርታ አድርጊለት።» ፒንሳውን አነሳች። «ይሄ ከሟቹ ኪስ ወጣ። መዳፉ ተቧጭሯል፤ የታገለው ግን ከሽቦ ጋር ነው። አጥሩን የቆረጠው እሱ ራሱ ነው። ቆርጦም እንደ ንብረቱ ጠቅልሎ አስቀመጠው። ባሬ እውነቱን ነው፤ መንገዱን ሊከፍትለት ጀምሮ ነበር። እንዲያ ሲሆን ባሬ ለምን ይገድለዋል? መዘጋቱ ያንገበገበው ግን ሌላ ሰው ነው። ለዚያ ሰው ሊነግረው የቀጠረው ትናንት ከሰዓት ነበር።»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሳቢር ዞረ። ሳቢር ቆሞ ነበር፤ አልሸሸም።

«እኔ ስሄድ በሕይወት ነበር። ሲሰግድ ነው የተውኩት ብያለሁ።»

«ብለሃል። የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ሙሉ ፊቱን አብርታው ነበር ብለሃል። አሁን አብረሃቸው ሰግደሃል። ወዴት ዞራችሁ ሰገዳችሁ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እጁን ወደ ሰሜን ዘረጋ፤ ዘርግቶም እዚያው አቆየው። ነገሩ የገባው ያኔ ነው።

«መካ ለእኛ በሰሜን ናት፤ እዚህ አገር ዐስር የሚሰግድ ሰው ፀሐይዋ በግራ ጉንጩ ናት» አለች አትጠገብ።

ሳቢር ከንፈሩን አራሰ። «ሲጨርስ… ሲያሰላምት ወደ ግራ ሲዞር ነው ያየሁት።»

«ቆሞ ነበር ብለኸኛል። ይሁን። ምንጣፉስ?» ወደ ግራሩ ጠቆመች። «ራሱ ካራማራን ነው የሚያየው። ዐብዲጀባር ከተወለደ ጀምሮ በዚህ ሜዳ ላይ ሲሰግድ የኖረ ሰው ነው፤ ዓይኑን ቢሸፍኑት አቅጣጫውን አይስትም። ምንጣፉን ያነጠፈው እሱ አይደለም። ያነጠፈው ሰላትን ዱባይ የለመደ ሰው ነው። ከዱባይ ሲታይ መካ በምዕራብ በኩል ነች፤ ዐስር ሲሰገድ ፀሐይዋ ከፊት ናት። ከመጣህ ወዲህ ሁልጊዜ የተሰለፈ ሰው ውስጥ ነው የገባኸው፤ ወዴት ልዙር ብለህ አስበህ አታውቅም። ትናንት ግን ብቻህን ነበርክ። በሕይወት ሳለ ሲሰግድ የተውከው እንዲመስል ምንጣፉን ከመኪናው አወጣህ፣ እጅህ የለመደውን አደረገ። ነፋስ እንዳይወስድብህም ድንጋይ ጫንክበት። ዛሬ ስትነግረኝ ምላስህም የለመደውን አደረገ።»

ሳቢር ምንጣፉን ሲያይ ቆየና ትከሻው ወረደ።

«ሁሉን ትቼ ነው የመጣሁት» አለ፤ የሚያወራው ለሱዕዲ ነበር። «እዚያ ያሉት ሁሉ ስቀውብኝ ነበር፤ ‹ጅግጅጋ ሄዶ ግመል ሊጠብቅ ነው› ብለው። ይሄን ሜዳ አሳያቸዋለሁ ብዬ ነበር። እሱ ግን ኳሷን ሊያነሳ እየተጎነበሰ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ‹ነገ የቀረውን አጥር እናነሳለን፣ አንተም ግመል ጥበቃ ትለምዳለህ› ብሎ ሳቀ። ብረቱ እጄ ላይ ነበር። ወላሂ አላሰብኩትም።»

ሱዕዲ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ከዚያስ? ባሬ ሲታሰር አላሰብክም? ልጆቹ ሲገደሉ ዝም ልትል ነበር?»

ዴቅ ካቴናውን ከባሬ እጅ ፈትቶ ሳቢር ላይ አጠለቀው። አዴር ኤልሚ ጎረምሶቹን አንድ በአንድ አዩአቸው፤ የመጀመሪያው መሣሪያውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሽማግሌው ራሳቸው ወደ ቢርካው ለባሬ ልጆች ሊነግሩ ሄዱ።

ወደ መኪናው ሲመለሱ አትጠገብ ዴቅን «አንተ ሌሊቱን ሙሉ ምንጣፉ አጠገብ ቆመህ ወዴት እንደዞረ አላየህም?» አለችው።

«ነፋሱ ያዞረው መስሎኝ።»

«ድንጋዩንም ነፋሱ ጫነው?»

ዴቅ መልስ ሊፈልግ ቀስ ብሎ ማሰብ ጀመረ። ሳይጨርስ ሱዕዲ ከኋላ ደረሰችባቸው።

«ፒንሳውን ስጪኝ» አለች።

«ማስረጃ ነው፣ ሱዕዲ።»

«አውቃለሁ። ሲመሽ እመልስልሻለሁ።»

አትጠገብ ለአፍታ አመነታችና ሰጠቻት። ሱዕዲ ወንድሟ ካቆመበት ምሰሶ ጀምራ ሽቦውን መቁረጥ ያዘች። እሾሁ ቀሚሷን ያዘው፣ መዳፏን ቧጨራት፤ አላቆመችም። የቆረጠችውንም ወንድሟ እንዳደረገው እየጠቀለለች ከምሰሶው ሥር ታስቀምጣለች። ባሬ ትንሽ ቆሞ አያት፤ ከዚያ ሄዶ ሽቦውን በሌላኛው ጫፍ ያዘላት። ከጠዋት ጀምሮ ያልመጣው እንባዋ ያኔ ወረደ።

ግመሎቹ ውኃው ስለሸተታቸው አልጠበቁም። በተከፈተው በኩል ገብተው በቡናማው ላይ ረግጠው ወደ ቢርካው አለፉ። ኤቢ ከልማዱ የተነሳ መጎተቻውን ዓይኑ ፈለገው፤ ፖሊስ ወስዶታል። አትጠገብ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የመጨረሻዋ ግመል ጠጥታ እስክትጠግብም አልተነሳችም።